አፈር በኪሎ

«ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ዕቃ ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ለሁሉም ይሆናል የተባለ ጫማ ሁሉንም ያነክሳል። ለሁሉም ይሆናል የተባለ መድኃኒት የሚያድነው ሻጩን ብቻ ነው። ለሁሉም ይሆናል የተባለ ንግግር ደግሞ ተሰብሳቢውን በእኩልነት ያስተኛል። ይህን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ማወቅ የነበረበት ጋሽ ግራም ነበር። አላወቀም። ያላወቀውም ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሞኝ ቢሆንማ ይታዘንለት ነበር። ያላወቀው አዋቂ ስለሆነ ነው።

ጋሽ ግራም የሚለውን ስም እናቱ አላወጣችለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የገበያ ሚዛን መርማሪ ሆኖ ሲሠራ ነጋዴዎች ያወጡለት ነው። ደረቱ ላይ ቁጥር 208 የተቀረጸባት የናስ ምልክት ሰክቶ፣ ባለመንጠቆ ሚዛኑን አንጠልጥሎ ከገበያው ጫፍ ብቅ ሲል «ግራም መጣ!» የሚለው ሹክሹክታ ከሽንኩርት ተራ እስከ ሥጋ ቤት በአንድ ትንፋሽ ይደርስ ነበር። ከሚዛን ሥር የተለጠፈች የሰም ቁራጭ፣ ሆዷ የተቦረቦረ የሚዛን ድንጋይ፣ ሲመዝን የሚረዝም አውራ ጣት፣ አንዱም ከሱ ዓይን አያመልጥም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ከቁርስ የሚቀድም ቃሉ ይኸው ነው። ሚስት ሳያገባ የቀረውም የታጨችለት ሁሉ ስትመዘን ጥቂት እየጎደለችበት ነው ይላሉ ሐሜተኞች።

ጡረታ ሲወጣ ስሙም ሚዛኑም ቤቱ ድረስ ተከተሉት። የናስ ምልክቷ ብቻ ጠፋችበት። በዚያች ምልክት የተነሣ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልጠረጠረው ሰው የለም፦ ልብስ አጣቢዋን፣ ኮቱን የጠገነውን ልብስ ሰፊ፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ዘበኛ፣ በመጨረሻም የገዛ ታላቅ እህቱን።

ታላቅ እህቱን «እትዬ» ይላታል፤ እኛም እንደሱ እንበላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሱ ጋር ናት። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ማድቤት ነው። ክፍሎቹ የሱ ናቸው፤ ጓሮው ግን የእትዬ ግዛት ነው። እዚያ ጥግ፣ ከውሃ በርሜሉ ጎን፣ አንድ ክምር አላት። የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የረገፈ ቅጠል፣ የታጨደ ሣር ትጥልበታለች። ጋሽ ግራም ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ኪሱ ውስጥ የሚያጠራቅመውን ገለባ እንኳ ወስዳ ታራግፍበታለች። በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ትገለብጠዋለች፣ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፣ በጆንያ ትሸፍነዋለች። ጋሽ ግራም «የዝንብ ሆቴል» ይለዋል።

«እትዬ፣ ይሄን ነገር አስነሺው። ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። አንተ አፍንጫህን ይዘህ እለፍ።»

«የመርማሪ ጓሮ ቆሻሻ ተቆልሎበት!»

«የመርማሪ ሆድ የሚበላው ሰላጣ ከየት የመጣ መሰለህ? ከቢሮህ?»

ክርክሩ ሁልጊዜ ሰላጣው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

በዚያ ዓመት የእትዬ ልጅ በሌላ ከተማ የበኩር ልጇን ልትወልድ ስትል እትዬ አራስ ልትጠይቅ ለሁለት ወር ተነሣች። ሻንጣዋን ከዘጋች በኋላ ከመሳቢያ አንዲት የክብሪት ቀፎ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጧ አርባ አንድ የቲማቲም ዘር አለ።

ተራ ቲማቲም እንዳይመስላችሁ። እናታቸው ዕድሜዋን ሙሉ እየመረጠች ያቆየችው ነው፤ ጎድን ጎድኑ የወጣ፣ ቆዳው ስስ፣ ሲቆርጡት ውሃ የማይተፋ። ሱቅ አይሸጠውም። ዘሩን ከእናታቸው የወሰዱ ጎረቤቶች አንድ በአንድ አጥፍተውታል፤ እትዬ ባለፈው ዓመት የተከለችውን ደግሞ ገና ሲያብብ በረዶ ጨረሰው። የቀረው ይኸው አርባ አንዱ ነው፤ እሱም አራት ዓመት ሞልቶታል። ዘርም እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ቢቀሰቅሱት አልነሣም ይላል።

«ዘንድሮ ካልበቀለ እናታችንን ሁለተኛ ቀበርናት ማለት ነው» አለች እትዬ። «አፈር ስሆንልህ፣ ወንድሜ፣ በጥሩ አፈር አብቅልልኝ። እዚያ ክምሩ ጋ ትሄድና ከሥር ከሥሩ …»

«ገባኝ፣ ገባኝ! አውቶቡሱ ያመልጥሻል። ዕቃ መምረጥ ለኔ ነው የሚነገረኝ?»

ዓረፍተ ነገሩን ብትጨርሰው ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን አዋቂ ሰው የሌላውን ዓረፍተ ነገር አያስጨርስም፤ አዋቂነቱ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ግራም ባለጋሪ ጠራ። እትዬ ስትመለስ ጓሮው እንደ ሆስፒታል አልጋ ተነጥፎ እንዲጠብቃት አስቧል። ባለጋሪው ጆንያውን ገለጥ አድርጎ እጁን ከክምሩ ሥር ከተተ፣ ጥቁሩን አፈር ዘግኖ አሸተተው፣ ከዚያም ጋሽ ግራምን ቀና ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄን ነው ጣለው የሚሉኝ?»

«ጥራጊ እንዳታስቀር! ዋጋህን ንገረኝና ጫን።»

ባለጋሪው ሳቁን ዋጠ፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ጫነ፣ የድካሙንም ተቀብሎ ሄደ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ነው፤ ጋሽ ግራም ግን ከመዳብም አልቆጠረው፣ አውጥቶ ለመጣል ከፈለበት።

ከዚያ ወደ ገበያ። ከአውራ ጎዳናው ማዶ ቧንቧ፣ ቀለም፣ ምስማርና የአትክልት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። በረንዳው ላይ ሦስት ዓይነት ከረጢት ተደርድሯል። አንዱ «ለምለም»፣ አንዱ «ጥቁር ሀብት»፣ አንዱ «ወርቃፈር» ይላል። ሦስቱም ላይ የምትስቅ ሴትዮ ቅርጫት ይዛ ተሥላለች፤ ሦስቱም ላይ «ሁለገብ ኮምፖስት፦ ለጓሮ አትክልት፣ ለአበባ፣ ለዛፍ፣ ለሣር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «50 ሊትር»።

«ሊትር?» አለ ጋሽ ግራም። «አፈር በሊትር? ሊጠጣ ነው?»

ባለሱቁ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወፍራም ሰው፣ አዛጋ። «ጋሼ፣ ኮምፖስት የትም አገር በሊትር ነው የሚሸጠው።»

«ሰው የትም አገር የሚዘረፈው ለዚህ ነዋ!»

ሚዛኑን ከቦርሳው አወጣ። ሦስቱን ከረጢት ተራ በተራ መንጠቆው ላይ ሰቀለ። «ለምለም» ዐሥራ አራት ኪሎ። «ጥቁር ሀብት» ሃያ አንድ። «ወርቃፈር» ሠላሳ ሦስት! ዋጋው ደግሞ «ወርቃፈር» ከሁሉም ይረክሳል። የጋሽ ግራም ዓይን በደስታ እንባ አቀረረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎዶሎ ሲያሳድድ የኖረ ሰው በስተርጅናው ትርፍ አገኘ።

አጠገቡ የምትመርጥ አንዲት ሴት «ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ቀለል የሚለው ሳይሻል አይቀርም። ከባዱ …» ብላ ጀመረች።

«እመቤቴ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጎደለው ይሻላል የሚል ነጋዴ እንጂ ገዥ አላየሁም።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጥጣ «ለምለም»ዋን ታቅፋ ሄደች። እሱም ሦስት «ወርቃፈር» አሸክሞ ገባ።

ከረጢቱ ሲቀደድ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው። ጫማው ላይ። ቀጥሎ ሽታ ወጣ፤ የተዘጋ ቦይ ሽታ። ከሽታው በኋላ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ገና ያልበሰበሰ የእንጨት ስንጥር፣ የፌስታል ቁራጭና ከላስቲክ ጓንት ላይ የተቆረጠ አንድ ጣት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ከረጢቱን ሰፍቶ ይመልስ ነበር። ጋሽ ግራም ግን ሚዛኑን አስታወሰ። ሠላሳ ሦስት ኪሎ አይዋሽም። «ሲደርቅ ይስተካከላል» አለ። በሰፊ ጣውላ ሣጥን ሞላው፣ በማንኪያ ጀርባ ደልድሎ ጠቀጠቀው።

ከዚያ ዘሩን ቆጠረ፤ ሠላሳውን ዘራ። ዐሥራ አንዱን አልዘራም። ለምን ቢባል፣ መርማሪ ከማንኛውም ጭነት ላይ ናሙና ያስቀራል፤ ደንቡ ነው። ዐሥራ አንዱን ዘር በፖስታ ከተተ፣ አፉን በሻማ ሰም አተመ፣ ቀን ጻፈበት፣ ፈረመበት። ናሙናውን ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያቀርበው ግን እሱም አያውቅም።

እትዬ በሦስተኛው ቀን ደወለች። ልጇ ሴት ልጅ ተገላግላለች። እልል ካለች በኋላ «ዘራህልኝ?» አለች።

«ዘራሁ።»

«ጎሽ! እናታችን ትመርቅህ።»

በዐሥረኛው ቀን ምንም የለም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ፤ ጋሽ ግራም መነጽሩን ይዞ ሮጠ፤ ሻጋታ ነው። በዐሥራ አምስተኛው ቀን አንዲት እውነተኛ ቡቃያ ወጣች፤ በማግስቱ ወገቧ እንደ ክር ቀጥኖ ተደፋች። በሃያኛው ቀን በክብሪት እንጨት አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ ዘሮቹን ፈለገ። ያገኛቸው እንደ ተኘከ ማስቲካ ሟሙተው ነው።

ያን ዕለት ስልኩ ጮኸ። መጮህ ያልነበረበት በዚያን ሰዓት ብቻ ነበር።

«ልጆቼስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ስንት ወጡ?»

ዐሥር ግራም ያጎደለን ሰው ሚዛን የወረሰ፣ አሮጊት ቅጠል ሻጭ የቀጣ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን አየ። «ሃያ ስምንት» አለ።

«ሃያ ስምንት! እሰይ! ምን ያህል ሆኑ?»

«መስመር ጠፋ … ሄሎ? ሄሎ?»

መስመሩ አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ንዴቱን ይዞ ሱቁ ሄደ። ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ጭቃ በፌስታል ቋጥሮ የባለሱቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወርቃፈር ነዋ» አለ ባለሱቁ።

«ዘሬን አበሰበሰው! ለሁሉም ይሆናል ብለህ ሸጥህልኝ!»

«እኔ መች አልኩ፣ ጋሼ? ከረጢቱ ነው ያለው። እሱም ቢሆን ለዘር ይሆናል አላለም። ከጀርባ ያለውን አንብበዋል?»

ባለሱቁ ከረጢቱን ገለበጠ። ከባርኮዱ ሥር፣ የጉንዳን ሰልፍ በሚያህል ፊደል፣ ተጽፏል። ጋሽ ግራም በማጉያ መነጽር አነበበው፦ «ለዘር ማብቀያ አይመከርም። ለማሰሮ ተክል ከመጠቀምዎ በፊት ከጥሩ ኮምፖስት ጋር ይደባልቁ።»

«ከጥሩ ኮምፖስት ጋር!» አለ ጋሽ ግራም። «ታዲያ እናንተስ ምን ሸጣችሁ?»

«ሁለገቡን።»

«ሠላሳ ሦስት ኪሎ እኮ ነው!»

«ውሃ ይመዝናላ፣ ጋሼ። ከረጢቱ ክረምቱን በረንዳ ላይ ነው የከረመው። በሊትር ነው የሚሸጠው ብዬዎት ነበር፤ ሳቁብኝ።»

ይህ የመጨረሻው ነገር እውነት ስለነበረ ከሁሉ ይበልጥ አናደደው። በውሸት የተናደደ ይሳደባል፤ በእውነት የተናደደ ምን ይሆናል? ጭቃውን መልሶ በፌስታል ቋጠረና ወጣ።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ከዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ችግኝ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ጋሽ ግራም በሥራ ዘመኑ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቋታል፤ ምክንያቱም ሚዛን የላትም። አፈር የምትሸጠው በባልዲ ነው። ዛሬም ጥላዋ ሥር ተቀምጣለች፤ የፌስታሉን ጭቃ ስታይ ሳቀች።

«ግራም! አንተም ተሸወድህ?»

«እኔ አልተሸወድኩም» አለ። «ለምርመራ የያዝኩት ነው።»

«እንካ፣ እኔ ልመርምርልህ።» ጭቃውን በእጇ ጨበጠችው፤ በጣቶቿ መሃል ውሃ ተንጠፈጠፈ። «ውሃ ገዝተሃል።» ከዚያ ከኋላዋ ካለው ቁልል አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር ዘግና መዳፉ ላይ ጣለችለት። «ጨብጠው። ውሃ ወጣ? አልወጣም። አሁን በጣትህ ነካ አድርገው።»

ነካው። እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተበተነ። አሸተተው፤ ዝናብ ያባራበት መሬት ይሸታል። ቀሊል ነው፤ መዳፉ ላይ ያለ አይመስልም። ጋሽ ግራም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሊል ነገር ይዞ አልተጠራጠረም። እጁ ግን ልማዱን አልተወምና ወደ ቦርሳው ሄደ።

«ሚዛንህን ወዲያ በልልኝ! በባልዲ ነው፤ ባልዲውም ሙሉ ነው፤ ዓይን የለህም?»

«ከየት አመጣሽው?»

«አይ፣ የሰው ነገር! አንድ ባለጋሪ ነው ያመጣልኝ። አንድ ሽማግሌ ከጓሮው ከፍሎ ያስነሣው ነው አለኝ። ከፍሎ! አስበው እስቲ። ሦስት ዓመት የተገላበጠ አፈር፣ ቅመም የሆነ፣ ቆሻሻ ነው ብሎ!»

ጋሽ ግራም ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «ወይ ደንቆሮ! እንዲህ ያለው ሰው በሕግ መጠየቅ ነበረበት።»

«ኧረ ተወው፤ ምን ያለ የዋህ ነው እያልኩ ስጸልይለት ነው የከረምኩት።»

ሁለት ባልዲ ገዛ። ዋጋው ከ«ወርቃፈር» ይበልጣል፤ ግን አልተከራከረም። ቤቱ ገብቶ አፈሩን በወንፊት ነፋው። የእንቁላል ቅርፊት ቀረ፤ ጣለው። የኦቾሎኒ ገለባ ቀረ፤ ጣለው። በሦስተኛው ወንፊት አንድ ነገር ኳ አለ። ጠጠር መስሎት አነሣው። በእጀ ጠባቡ ወለወለው። ናስ ነው። ቁጥር አለው።

208።

ቁጭ አለ። ሌላ ምን ያድርግ? ሁለት ዓመት የፈለጋት ምልክት ከኦቾሎኒ ገለባ ጋር ከኪሱ ተራግፋ የእትዬ ክምር ውስጥ ተቀብራ ኖራለች። ክምሩን ከፍሎ አስጣለ፤ ከፍሎም ገዛው። ልብስ አጣቢዋ ንጹሕ ናት። ልብስ ሰፊው ንጹሕ ነው። ዘበኛውም፣ እህቱም። የሚከሰው ሰው ፈለገ፤ ቤቱን ዞረው፤ ከመስተዋቱ በቀር ሰው የለም። «ወይ ደንቆሮ!» ያለው የራሱ ድምፅ ጆሮው ላይ ይጮህበት ጀመር።

ከዚያ የታተመውን ፖስታ አወጣ። ሰሙን በቢላ ሰበረ። ዐሥራ አንድ ዘር። ዐሥራ አንድ ጣሳ ደረደረ፣ ሥራቸውን በምስማር በሳ፣ አፈሩን ሳይጠቀጥቅ ሞላ፣ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ዘር አኖረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። እትዬ በደወለች ቁጥር ሃያ ስምንቱ ያድጋሉ፤ ቅጠል ያወጣሉ፤ በሐሰት ላይ ሐሰት ያጎነቁላሉ። እውነተኛዎቹ ግን ድምፃቸው የለም። በዘጠነኛው ቀን አንዱ ጣሳ ላይ አፈሩ እንደ ቆብ ተነሣ። በዐሥራ አንደኛው ቀን አምስት ሆኑ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዘጠኝ። ሁለቱ ጣሳዎች ዝም አሉ፤ በየቀኑ ውሃ እየሰጠ ለመናቸው፤ ዝም እንዳሉ ቀሩ።

እትዬ ስትመጣ ሻንጣዋን ደጃፉ ላይ ትታ ቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች። ሦስቱ «ወርቃፈር» ከረጢቶች፣ አንዱ የተቀደደ፣ በሩን ግማሹን ዘግተውት ነበርና በጎን ሾልካ ነው የገባችው።

«እትዬ» አለ ከኋላዋ፣ «ሃያ ስምንት አይደሉም።»

«ዘጠኝ ናቸው። ዓይን አለኝ።» ጎንበስ አለች። ከአንዱ ጣሳ አፈር ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው፣ አፍንጫዋ ጋ አደረሰችው። ቀና ስትል የክምሩን ቦታ አየች። ባዶ ነው፤ ተጠርጓል፤ እንደ ሆስፒታል አልጋ።

«ይሄ የኔ አፈር ነው» አለች። «የቀረውስ?»

ነገራት። ከባለጋሪው ጀምሮ፣ ስለ ሠላሳው ዘር፣ ስለ ሃያ ስምንቱ ውሸት፣ ስለ ችግኝ ሻጯ፣ ሁሉንም። ምልክቷንም ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። እትዬ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ያን ጊዜ፣ ሻንጣዬን ስዘጋ፣ ምን ልልህ ነበር?»

«ከክምሩ ከሥር ከሥሩ …»

«ከሥር ከሥሩ ነፍተህ ዝራ ልልህ ነበር። ሁለት ሰከንድ ነበር የቀረኝ።»

ዘጠኙን ችግኞች አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገቻቸው። እናታቸው አልተቀበረችም፤ ግን ለጥቂት ነበር፣ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ እትዬ ወደ ማድቤት ገብታ የልጣጭ ባልዲውን ይዛ ወጣችና እጁ ላይ አንጠለጠለችው።

«አዲስ ክምር ትጀምራለህ። ሦስት ዓመት ይፈጃል። ልጣጩን የምታወርደው አንተ፣ የምትገለብጠው አንተ። ያንን የበሰበሰ ወርቅህንም በጥቂት በጥቂቱ እያደባለቅህ ትጨርሰዋለህ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«አትመዝነው።»

«ምን በወጣኝ!»

ባልዲውን ይዞ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደ። ከውሃ በርሜሉ ኋላ፣ ከማድቤቱ መስኮት የማይታይ ቦታ ሲደርስ፣ ግራና ቀኙን አየ። ባለመንጠቆ ሚዛኑ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለ በሹክሹክታ።

«ሰማሁህ!» አለች እትዬ።